ሲስተም ከመግዛት በፊት ሥራን ማወቅ

ለ፦ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና የልማት ድርጅቶች የበላይ ኃላፊዎች፤ ለግዥ፣ ለፋይናንስ፣ ለሰው ሀብትና ለአይሲቲ ዳይሬክተሮች

ጉዳዩ፦ የሶፍትዌር ግዥና ትግበራ አካሄዳችን እንዲስተካከል ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ የደመወዝ፣ የንብረት፣ የሒሳብና የሰው ሀብት ሲስተሞች በተለያዩ መሥሪያ ቤቶች ሲተከሉ ከተጠቃሚው ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጬ የሠራሁ ባለሙያ በመሆኔ ነው። አዲስ የበጀት ዓመት በገባ ቁጥር ብዙ መሥሪያ ቤቶች ለዘመናዊ ሲስተም በጀት ይይዛሉ፤ ጨረታ ይወጣል፣ አሸናፊው ይለያል፣ ውሉ ይፈረማል፣ የማስጀመሪያ ሥነ ሥርዓት ይካሄዳል። ሁለት ሦስት ዓመት ቆይተን ስንመለስ ግን ያው መሥሪያ ቤት ደመወዙን በኤክሴል ሲያሰላ፣ ንብረቱን በካርድ ሲመዘግብ፣ ሰነዱን በቴሌግራም ሲቀባበል እናገኘዋለን። የተገዛው ሲስተም ወይ ሰርቨሩ ጠፍቶ ተቀምጧል፣ ወይ ደግሞ ለሪፖርት ብቻ ሲባል አንድ ሰው በወሩ መጨረሻ ቁጥር እየሞላበት በስም ይኖራል።

ይህ ሲሆን ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ለፕሮግራመሮቹ፣ ለኔትወርኩ ወይም «ለውጥ አይወድም» ለሚባለው ሠራተኛ ነው። ኔትወርክ እንደሚቆራረጥ፣ መብራት እንደሚጠፋ፣ ደካማ ፕሮግራመርም እንዳለ አውቃለሁ። ነገር ግን ካየኋቸው ውድቀቶች አብዛኞቹ የተወሰኑት አንድ መስመር ኮድ ከመጻፉ በፊት፣ መሥሪያ ቤቱ የራሱን ሥራ የመግለጽና የመወሰን ኃላፊነቱን ለጨረታ ሰነድና ለአቅራቢ አሳልፎ በሰጠበት ቀን ነው። ይህ ኃላፊነት በገንዘብ ተገዝቶ ከውጭ የሚመጣ ስላልሆነ፣ አቤቱታዬን የማቀርበው ለአቅራቢዎች ሳይሆን ለእናንተ ነው።

ከጨረታ ሰነዱ ልነሣ። ብዙ የሶፍትዌር ጨረታ ሰነዶች የሚዘጋጁት የሌላ መሥሪያ ቤት ሰነድ ተቀድቶ ነው። አስተያየት እንድሰጥበት በቀረበልኝ አንድ ሰነድ ውስጥ የቀድሞው ባለቤት ስም ከሁለት ገጾች ላይ ሳይነሣ ቀርቶ፣ ገዢው መሥሪያ ቤት ጭራሽ የሌሉት የሥራ ክፍሎች በመስፈርትነት ተዘርዝረው ነበር። ዋናው ጉድለት ግን ከዚህ ይብሳል። ሰነዶቹ «ሲስተሙ የንብረት ገቢና ወጪ መመዝገብ አለበት»፣ «ልዩ ልዩ ሪፖርቶችን ማውጣት አለበት»፣ «ለአጠቃቀም ቀላል መሆን አለበት» ይላሉ፤ እነዚህን አላሟላም የሚል ተጫራች ደግሞ የለም። ሁሉም የቴክኒክ ምዘናውን ስለሚያልፉ ውድድሩ ወደ ዋጋ ብቻ ይወርዳል። ሥራውን በጥንቃቄ ያጠናና ድካሙን በትክክል የገመተ ተጫራች በዚህ መንገድ ይሸነፋል፤ የሚያሸንፈው ሥራውን ያላወቀው ወይም በኋላ «ይህ በውሉ ውስጥ የለም» ብሎ ተጨማሪ ክፍያ ለመጠየቅ የተዘጋጀው ይሆናል። ዝቅተኛ ዋጋ መምረጥ ለእስክሪብቶና ለወረቀት ያገለግላል፤ ሁለት ፓኬት ወረቀት ሲነጻጸር ልዩነቱ በዓይን ይታያል። ገና ያልተሠራ ነገርን ግን ሰነዱ በግልጽ ካልገለጸው በዋጋ ማነጻጸር አይቻልም።

በሰነዱ ያልተጻፈ ነገር ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል ለማሳየት ከቅርብ ያየሁትን አንድ ጉዳይ ላቅርብ። በአንድ መሥሪያ ቤት የተተከለው የንብረት ሲስተም ማንኛውንም ዕቃ ገቢ ለማድረግ የግዥ ትእዛዝ ቁጥር ይጠይቅ ነበር። በግዥ ለሚመጣ ዕቃ ይህ ተገቢ ቁጥጥር ነው። ወደዚያ መጋዘን ከሚገባው ዕቃ ሰፊው ድርሻ ግን በእርዳታ የሚገኝ ወይም ከሌላ ቅርንጫፍ የሚዛወር በመሆኑ የግዥ ትእዛዝ የለውም። የመጋዘኑ ኃላፊ ልምድ ያላቸው ሴት ናቸው፤ ይህን ችግር በመጀመሪያው ሳምንት ተናገሩ፤ «በሚቀጥለው ማሻሻያ ይካተታል» የሚል መልስ አገኙ። ዕቃው ግን ማሻሻያ አይጠብቅም፤ የጭነት መኪናው በር ላይ ቆሟል፣ ሾፌሩም ሞዴል 19 (የዕቃ ገቢ ደረሰኝ) ተቆርጦለት መሄድ ይፈልጋል። ስለዚህ ኃላፊዋ የወረቀቱን ሞዴል 19 ቆርጠው ዕቃውን ተረከቡ፣ ሲስተሙ ሲስተካከል ለማስገባትም በደብተር ያዙት። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ያው ዕቃ በሞዴል 22 (የዕቃ ወጪ ሰነድ) ወጪ እንዲሆን ሲጠየቅ ሲስተሙ ቀሪ የለም አለ፤ ወጪውም በወረቀት ሆነ። ማሻሻያው ሳይመጣ ወራት አለፉ። በበጀት ዓመቱ መዝጊያ የቆጠራ ኮሚቴ ሲገባ በሲስተሙ፣ በቢን ካርዱ (የየዕቃው ገቢ፣ ወጪና ቀሪ በእጅ በሚጻፍበት ካርድ) እና በመደርደሪያው ላይ የተገኙት ሦስት ቁጥሮች አልገጠሙም፤ በቃለ ጉባኤው የሰፈረው ምክንያትም ሲስተሙ በአግባቡ ሥራ ላይ አለመዋሉ የሚል ነበር።

ይህ ፍርድ ትክክል አልነበረም፤ ዛሬም ሳስበው ያስቆጣኛል። እኚያ ሴት ሲስተሙን አልጠሉም፤ የጎደለውን ከሁሉም በፊት ለይተው ተናግረዋል። መስፈርቱ ሲዘጋጅ አንድ ከሰዓት ጠርቶ «በዚህ መጋዘን ዕቃ በስንት መንገድ ይገባል?» ብሎ የጠየቃቸው ሰው ቢኖር ኖሮ፣ የእርዳታና የዝውውር ገቢ በሰነዱ ላይ ሁለት መስመር ሆኖ ይጻፍ ነበር። ያን ጊዜ ቢጻፍ ምንም የማያስወጣ ነገር ከተተከለ በኋላ የውል ማሻሻያ፣ የደብዳቤ ምልልስና የአንድ ዓመት የተዛባ መዝገብ አስከተለ።

ይህ ከአቅም ማነስ ወይም ከድህነት የሚመጣ የእኛ ብቻ ችግር እንዳይመስላችሁ፤ ሀብታም አገሮችም በዚሁ መንገድ ወድቀዋል። ከሁሉም ይልቅ ልታውቁት ይገባል የምለው የካናዳ ፌዴራል መንግሥት «ፊኒክስ» የተባለው የደመወዝ ሲስተም ነው። ሲስተሙ 290,000 ገደማ ለሚሆኑ የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ እንዲከፍል የታሰበ ሲሆን፣ ከልዩ ልዩ የኅብረት ስምምነቶች የመነጩ ከ80,000 በላይ የአከፋፈል ደንቦችን ማስተናገድ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ2009 የጸደቀው በጀት 155 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ነበር። በ2012 ሥራውን የያዘው አይቢኤም ሲስተሙን ሠርቶ ለመትከል 274 ሚሊዮን እንደሚያስፈልግ ለመንግሥት አሳወቀ። ኃላፊዎቹ ተጨማሪ በጀት ከመጠየቅ ይልቅ ሥራውን በተፈቀደው ገንዘብ ውስጥ ለመጨረስ ወሰኑ፤ ለዚህም ከመቶ በላይ የአሠራር ተግባራትን ቀነሱ ወይም ለሌላ ጊዜ አስተላለፉ። ከተቀነሱት አንዱ ወደ ኋላ ተመልሶ የሚከፈል የደመወዝ ጭማሪን የማስላት ተግባር ነበር፤ የደመወዝ ጭማሪ ዘግይቶ ተፈቅዶ ውዝፍ የሚከፈልበትን መሥሪያ ቤት የሚያውቅ ሰው የዚህን ውሳኔ ክብደት ይረዳዋል። በአንድ መሥሪያ ቤት ሊደረግ የታቀደውም የሙከራ ትግበራ ተሰረዘ።

ከዚህም የከፋው በሰዎቹ ላይ የተወሰደው እርምጃ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ተበትነው ይሠሩ የነበሩ 1,200 የደመወዝ ባለሙያዎች ሲስተሙ ይተካቸዋል በሚል ታሳቢ ከቦታቸው እንዲነሡ ተደረገ፤ በምትካቸው ሚራሚቺ በምትባል ትንሽ ከተማ 550 ሰዎች ያሉት አንድ ማዕከል ተቋቋመ። እነዚያን ደንቦች ከነልዩ ሁኔታቸው በጭንቅላታቸው ይዘው የኖሩት ሰዎች የወጡት ሲስተሙ መሥራቱ ሳይረጋገጥ ነበር። ፊኒክስ በ2016 ሥራ ሲጀምር ለአንዳንዱ ሠራተኛ ደመወዝ ጎደለ፣ ለአንዳንዱ በዛ፣ ለአንዳንዱ ጭራሽ አልመጣም፤ የቤት ብድራቸውን መክፈል ያቃታቸው ሠራተኞች በየዜናው ታዩ። በ2018 የአገሪቱ ዋና ኦዲተር ጉዳዩን መርምረው የፕሮጀክት አመራሩና የቁጥጥሩ ውድቀት ለመረዳት የሚያዳግት መሆኑን ገለጹ። ለፊኒክስ መሠረት የሆነው ፒፕልሶፍት የተባለው ሶፍትዌር በሌሎች ብዙ ድርጅቶች ደመወዝ ሲከፍል የኖረ ነው። የወደቀው ውሳኔው ነው፤ ሥራውን የሚያውቁት ሰዎች ባልተጠየቁበት፣ የጊዜ ሰሌዳና የበጀት ጣሪያ ከሥራው እውነት በበለጡበት ስብሰባ ላይ ወደቀ።

የጀርመኑ የችርቻሮ ድርጅት ሊድል ጉዳይ ደግሞ ሌላ መልክ አለው። ድርጅቱ የዕቃ ክምችቱን ዋጋ የሚይዘው በተገዛበት ዋጋ ነበር፤ ለመትከል የመረጠው ኤስኤፒ የተባለው የሶፍትዌር ድርጅት ሲስተም ግን የተሠራው በመሸጫ ዋጋ ለመያዝ ነው። ወይ አሠራሩን መለወጥ፣ ወይ ሌላ ሲስተም መምረጥ ነበረበት፤ ሁለቱንም ሳያደርግ ሲስተሙን ለአሠራሩ ሲያስተካክል ሰባት ዓመት ቆይቶ በ2018 ፕሮጀክቱን አቋረጠ። እንደ አገሪቱ ጋዜጦች ዘገባ የወጣው ገንዘብ ወደ 500 ሚሊዮን ዩሮ ይጠጋል። በብሪታንያም የበርሚንግሃም ከተማ ምክር ቤት በ2022 ኦራክል ወደተባለው ድርጅት የሒሳብ ሲስተም ከተሻገረ በኋላ የባንክ ሒሳቡን ከመዝገቡ ጋር በወጉ ማስታረቅ አቅቶት ለዓመታት ተቸግሯል።

ወደ እኛ ስመለስ፣ ከውጭ የሚገባ ሲስተም ከሥራችን ጋር የሚጋጭባቸው ቦታዎች አስቀድመው የሚታወቁ ሆነው ሳለ በየፕሮጀክቱ እንደ አዲስ ያስደነግጡናል። የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ቀን ይጀምርና ሰኔ 30 ይዘጋል። በፈረንጅ ወር የተሠራ የሒሳብ ሲስተም ጁላይን አንድ ወር አድርጎ ይይዘዋል፤ ጁላይ 3 ግን ሰኔ 26 ሲሆን ጁላይ 10 ሐምሌ 3 ነው፤ በአንድ የሲስተም ወር ውስጥ የሁለት በጀት ዓመት ወጪ ተቀላቅሎ ይገባል ማለት ነው። ጳጉሜንም ሲስተሙ የት ያኑራት? በቀን የሚታሰብ ክፍያ ያለበት መሥሪያ ቤት ይህን ጥያቄ በየዓመቱ በእጅ ይፈታዋል። «ቀኑን ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚቀይር ማሳያ እንጨምራለን» የሚለው የአቅራቢዎች መልስ የወረቀቱን ቀን ይለውጥ ይሆናል እንጂ የሒሳብ ጊዜውን አይለውጥም፤ ይህን ልዩነት ለይቶ የሚጠይቅ የፋይናንስ ባለሙያ በግዥ ኮሚቴው ውስጥ መኖር አለበት።

የስም ጉዳይም እንዲሁ ነው። የእኛ ሰው በስሙ ተጠርቶ የአባቱና የአያቱ ስም ይከተላል፤ ብዙ ሲስተሞች ግን የቤተሰብ ስም ካልተሞላ አያሳልፉም። መዝጋቢው የአያትን ስም በዚያ ሣጥን ሲሞላ የደመወዝ መክፈያ ዝርዝሩ በአያት ስም ይደረደራል፤ ሠራተኛውም ሊፈርም ሲመጣ ስሙን አያገኘውም። በግዕዝ ፊደል ሲመዘገብ ደግሞ ኃይሉ፣ ሀይሉ እና ሐይሉ፣ ወይም ፀጋዬ እና ጸጋዬ ለኮምፒውተሩ የተለያዩ ሰዎች ናቸው። መዝጋቢዋ በአንዱ ፊደል ፈልጋ ስታጣው አዲስ መዝገብ ትከፍትለታለች፤ አንድ ሠራተኛ ሁለት የግል ማኅደር ይኖረዋል፣ የዓመት ፈቃዱም በሁለት ቦታ ይቆጠራል። ፍለጋው ሞክሼ ፊደላትን እንደ አንድ እንዲያይ ማድረግ ለፕሮግራመር ከባድ ሥራ አይደለም፤ መስፈርት ሆኖ የተጻፈበትን የጨረታ ሰነድ ግን ያየሁት ከስንት አንድ ነው።

የሥራ ግብሩ ጉዳይ ደግሞ ለሁላችንም የቅርብ ጊዜ ነው። በ2017 ዓ.ም. በጸደቀው የገቢ ግብር ማሻሻያ ከሥራ ግብር ነጻ የሆነው የወር ገቢ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ ሲል ሠንጠረዡም በሙሉ ተለወጠ። የግብር ሠንጠረዡ ተጠቃሚው በሚያስተካክለው ቦታ የተቀመጠበት መሥሪያ ቤት ቁጥሮቹን ለውጦ፣ በጥቂት ሠራተኞች ላይ ፈትሾ ደመወዝ ከፈለ። ሠንጠረዡ በኮዱ ውስጥ የተቀበረበት መሥሪያ ቤት ግን አቅራቢውን ፍለጋ ሄደ፤ የጥገና ውሉ ያለቀ ከሆነ ደግሞ አዲስ የግዥ ሂደት ጀመረ። የደመወዝ ቀን አይተላለፍምና ወደ ኤክሴል ተመለሰ፤ አንድ ጊዜ ወደ ኤክሴል የተመለሰ ደመወዝ ደግሞ ወደ ሲስተሙ እምብዛም አይመለስም። ሕግ እንደሚለወጥ እያወቁ የግብር ምጣኔን ወይም 7 እና 11 በመቶ የሆነውን የጡረታ መዋጮ ማንም እንዳይነካው አድርጎ መሥራት የሙያ ጉድለት ነው፤ ይህንን ሳይፈትሹ መረከብ ደግሞ የተረካቢው ጉድለት ነው።

የፈቃድ ክፍያም በዚሁ ይታያል። የውጭ ሶፍትዌር ዓመታዊ የፈቃድ ክፍያ በዶላር ነው፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ በብር የተያዘው የፈቃድ በጀትም ግማሹን ብቻ መሸፈን የቻለበት ሁኔታ ተፈጠረ። የአገር ውስጥ ሶፍትዌር ሁልጊዜ ይሻላል ማለቴ አይደለም፤ በሚገባ የተሠራ የውጭ ሶፍትዌር በሦስት ሰዎች ከሚመራና ነገ ሊበተን ከሚችል ድርጅት ምርት የተሻለ ዋስትና ሊሆን ይችላል። ሲመረጥ ግን የአምስት ዓመት ወጪው ከጥገናው፣ ከፈቃዱና ከምንዛሪ ሥጋቱ ጋር በአንድ ገጽ ላይ ተጽፎ መታየት አለበት።

አሁን ስለ ሰኔ ልናገር፤ ይህን የሚነካ ሰው ጥቂት ነው። በጀቱ በሰኔ 30 ስለሚዘጋና ያልተከፈለው ተመላሽ ስለሚሆን፣ በግንቦትና በሰኔ የሶፍትዌር ፕሮጀክቶች ርክክብ ይበዛል። አቅራቢው ክፍያውን ይፈልጋል፣ መሥሪያ ቤቱ የበጀት አጠቃቀሙ ዝቅ ብሎ እንዳይገመገም ይፈልጋል፤ በሁለቱም ፍላጎት መካከል ያልተፈተሸ ሲስተም «በሚገባ ተተክሎ ተረክበናል» የሚል ፊርማ ያገኛል። ክፍያው ካለቀ በኋላ አቅራቢው ወደ ቀጣዩ ጨረታ ይሄዳል፤ ስልኩ ይነሣል፣ «ነገ ሰው እልካለሁ» ይባላል፣ ነገ ግን አይመጣም። ርክክቡን የፈረመው ኮሚቴ አባላት ብዙውን ጊዜ ሲስተሙን የማይጠቀሙ ሰዎች መሆናቸው ደግሞ ነገሩን ያከብደዋል። የሶፍትዌር ክፍያ በበጀት ዓመት መዝጊያ ሳይሆን በሥራ ውጤት እንዲታሰር ከገንዘብ ሚኒስቴርም ከግዥ ባለሥልጣንም ጋር በግልጽ መነጋገር ያስፈልጋል፤ ለብዙ ዓመት የሚቆይ ግንባታ በየዓመቱ በጀት እየተያዘለት የሚሠራ ከሆነ ለሶፍትዌር የማይሆንበት ምክንያት አይታየኝም።

ሥልጠናውንም ተመልከቱት። በቢሾፍቱ ወይም በአዳማ አንድ አዳራሽ ውስጥ ለሦስት ቀን፣ ፕሮጀክተር ላይ እየታየ፣ በምናባዊ ስሞችና በሙከራ ቁጥሮች የሚሰጥ ሥልጠና ሠራተኛው ወደ ጠረጴዛው ሲመለስ ብዙም አይቀረውም። ጥያቄው የሚመጣው የወሩ 25ኛ ቀን ላይ፣ አንዲት ሠራተኛ በወሊድ ፈቃድ ላይ እያለች የደረጃ እድገት ሲደርሳትና ደመወዟ በሁለት ምጣኔ መከፈል ሲኖርበት ነው። ለአዳራሹና ለውሎ አበሉ የሚወጣው ገንዘብ አንድ ባለሙያ ለሦስት ተከታታይ የደመወዝ ወቅቶች ከፔሮል (የደመወዝ ዝግጅት) ክፍሉ ጋር እንዲቀመጥ ቢውል ጥቅሙ እጥፍ ይሆናል።

«ለውጥ አይወድም» ስለሚባለው ሠራተኛ በቅንነት ላስረዳ። ሲስተም ተተክሎ ወረቀቱም ሲቀጥል ሠራተኛው አንድን ሥራ ሁለት ጊዜ ይሠራል። ኃላፊው ሲስተሙ ውስጥ ገብተው ማጽደቅ ሲገባቸው «አትመህ አምጣልኝ» ካሉ፣ ኦዲተሩም የወረቀት ሞዴል ከነተከታታይ ቁጥሩ ካልቀረበለት የማይቀበል ከሆነ፣ ሠራተኛው ተጠያቂ የሚሆንበትን ወረቀት ያስቀድማል፤ ይህ ጥላቻ ሳይሆን ራስን መጠበቅ ነው። ለእርሱ ሲስተሙ ከእጅ አይሻል ዶማ ሆኖበታል። ስለዚህ የወረቀቱ አሠራር በየትኛው ቀን እንደሚቆም፣ የትኛው ከሲስተም የወጣ ሰነድ በኦዲት ፊት ተቀባይ እንደሚሆን፣ ከውስጥና ከውጭ ኦዲተሮች ጋር አስቀድሞ ተስማምቶ በሰርኩላር ማሳወቅ የበላይ ኃላፊው እንጂ የአይሲቲ ክፍሉ ሥራ አይደለም።

በየቀኑ የምናደርጋቸው ትንንሽ ምርጫዎችም ከዚህ የተለዩ አይደሉም። የመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ በግል ጂሜይልና በቴሌግራም ግሩፕ የሚዘዋወረው ሠራተኛው ግዴለሽ ስለሆነ አይደለም፤ የተሰጠው የመሥሪያ ቤት ኢሜይል ሣጥኑ ሞልቶ አልቀበልም ስለሚል ወይም የይለፍ ቃሉን የሚያድስለት ሰው ስለሌለ ነው። ሠራተኛው ሲለቅ ግን ሰነዱም አብሮት ይለቃል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ የሠራተኞችን ደመወዝና የሕክምና ማስረጃ በግሩፕ ላይ መለጠፍ የሕግ ተጠያቂነት ያመጣል። የሚሠራ ኢሜይል፣ በቂ ማስቀመጫ፣ ባትሪው ያልሞተ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን የሚያቆይ መሣሪያ) እና በየሳምንቱ የሚፈተሽ ባክአፕ (የመረጃ መጠባበቂያ ቅጂ) ለብዙ መሥሪያ ቤቶች ከትልቅ ኢአርፒ (የመሥሪያ ቤቱን ሥራዎች በአንድ ላይ ከሚይዝ ሲስተም) በፊት የሚቀድሙ ናቸው።

ኤክሴልን በተመለከተ ከብዙ የሙያ ባልደረቦቼ እለያለሁ። ኤክሴል ኋላ ቀርነት ተደርጎ ይታያል፤ እኔ ግን አንድ መሥሪያ ቤት ስገባ መጀመሪያ የምጠይቀው የፔሮል ባለሙያው ለዓመታት ያስተካከለውን ፋይል ነው። በፋይሉ ዳር «ለዚህ ሰው የትራንስፖርት አበል አይታሰብ፤ ተሽከርካሪ አለው» የሚል ማስታወሻ ይገኛል፤ አንድ ዓምድ በቀይ ቀለም ተለይቶ የፍርድ ቤት የቀለብ ተቆራጭ ይይዛል፤ ሌላ ገጽ ደግሞ በውክልና የሚሠሩትን ለብቻ ያሰላል። ከዚህ የተሻለ የመስፈርት ሰነድ የለም። አማካሪ ተቀጥሮ ያላገኘውን በዚያ ፋይል ውስጥ በአንድ ቀን ማንበብ ይቻላል።

ከዚህ በመነሣት የምጠይቃችሁ የሚከተለውን ነው። ጨረታ ከማውጣታችሁ በፊት አንድ ሙሉ ወር፣ የወሩን መዝጊያ ጨምሮ፣ ሥራው የሚሠራበትን ክፍል ኤክሴሎች፣ ደብተሮችና ቅጾች ሰብስቡ፤ በዚያ ወር የገጠሙትን እውነተኛ ጉዳዮች ስም ለውጣችሁ ጻፏቸው። የጨረታው የቴክኒክ ምዘና በወረቀት መልስ ሳይሆን ተጫራቾች እነዚያኑ ጉዳዮች በፊታችሁ በሲስተማቸው ሠርተው በማሳየት ይሁን። በእርዳታ የመጣ ዕቃ አስገባልኝ፣ በወሩ አጋማሽ እድገት ያገኘ ሠራተኛ ደመወዝ አስላልኝ፣ ኃይሉን በሀይሉ ፈልግልኝ ስትሉት የማይችል ተጫራች ያን ጊዜ ይለያል።

የፕሮጀክቱ ባለቤት ከአይሲቲ ሳይሆን ከሥራ ክፍሉ ይሁን፤ ደመወዝ ከሆነ የደመወዝ ሥራን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ይሰየም፤ ከሌላ ሥራው ነጻ ይሁን፤ «ይህን እንለውጣለን፣ ይህን እንተዋለን» ብሎ የመወሰን ሥልጣንም በጽሑፍ ይሰጠው። ሊድል ለሰባት ዓመት ያጣው ይህን ውሳኔ የሚወስን ሰው ነው። ብቻውን ግን አይሁን፤ ቢለቅ ሥራው እንዳይቆም ሁለተኛ ሰው አብሮት ይያዝ፤ የአሠራር መመሪያውም በአማርኛ ወይም በመሥሪያ ቤቱ የሥራ ቋንቋ ይጻፍ።

በአንድ ክፍል ወይም በአንድ ቅርንጫፍ ጀምሩ። የመጨረሻውን ክፍያ ሲስተሙ ለሦስት ተከታታይ ወራት ከነባሩ አሠራር ጎን ለጎን ሠርቶ ውጤቱ እስከ ሳንቲም እስኪገጥም ያዙት፤ ርክክቡንም ሲስተሙን በየቀኑ የሚጠቀሙት ሰዎች ይፈርሙበት። ማሻሻያ ሲመጣም በቀጥታ በሚሠራው ሲስተም ላይ እንዳይጫን፤ በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በሲስተም ማሻሻያ ጊዜ በተፈጠረ ክፍተት ደንበኞች ከቀሪ ሒሳባቸው በላይ ማውጣት ችለው ባንኩ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ እንደተወሰደበት ገልጾ ነበር፤ ያን ያህል አቅም ያለው ተቋም የገጠመውን ችግር አንድ የወረዳ መሥሪያ ቤት በቀላሉ ያልፈዋል ማለት አይቻልም። በውሉ ውስጥም መረጃው የመሥሪያ ቤቱ መሆኑ፣ ውሉ ሲያበቃ አቅራቢው መረጃውን በሚነበብ ፋይል በሙሉ እንደሚያስረክብ፣ ሲስተሙ ለመሥሪያ ቤቱ ብቻ የተሠራ ከሆነም ሶርስ ኮዱ (ፕሮግራመሮቹ የጻፉት ዋናው ኮድ) አብሮ እንደሚሰጥ በግልጽ ይጻፍ።

በመጨረሻም ለሕዝብ ሪፖርት እንድታደርጉ እጠይቃለሁ። ባለፉት አምስት ዓመታት ምን ሲስተም እንደተገዛ፣ ስንት እንደወጣበትና ዛሬ በሥራ ላይ መሆን አለመሆኑን በየመሥሪያ ቤታችሁ ድረ ገጽ ላይ አውጡ። በዚያ ዝርዝር ላይ «ተተክሏል» የሚለውን ቃል ሳይሆን፣ ባለፈው ወር ስንት ሠራተኛ ደመወዙን በሲስተሙ እንደተከፈለ፣ ስንት ሞዴል 19 ከሲስተሙ እንደታተመ ጻፉ። ጨረታ ሊያወጣ የተዘጋጀ ሌላ መሥሪያ ቤት ያንን አይቶ ወደ እናንተ ስልክ ይደውላል፤ ሲደውልም የመጋዘኑን ኃላፊና የፔሮል ባለሙያውን አገናኙት።

ከአክብሮት ጋር

በሶፍትዌር ትግበራ ሥራ ላይ የተሰማሩ ባለሙያ
አዲስ አበባ